ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት

«አምስት መቶ ዘጠና ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት» አለች ፀዳለ የኮምፒዩተር ቦርዷን ቁልፍ ጫን አድርጋ።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት» ብለው ደገሙ ጋሽ ሰንበታ፤ ጉልበታቸው ላይ በዘረጉት ደብተር ቁጥሩን ቀስ ብለው ጻፉት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ናቸው። እሷ ትጫናለች፣ ቀያዮቹን ቁጥሮች ታያለች፣ ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይታ ወደ ዲግሪ ትመልሳለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ቁጥር መጻፍ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ቀልድ አይደለም።

«ልጄ፣ ይቺ ዕቃሽ አይደክማትም?»

«የሚደክመን እኛ ነን ጋሽ ሰንበታ። እሷ ምን አለባት፣ ተቀምጣ ታወራለች።»

«እንደ ጓድ አምባዬ ናት በያ» አሉና ሁለቱም ደንግጠው በሩን አዩ። በሩ ተዘግቷል። የሳቁት ከዚያ በኋላ ነው።

የተቀመጡት ከናዝሬት ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመንግሥት የዶሮ እርባታ ጣቢያ፣ እንቁላል መፈልፈያው ክፍል ውስጥ ነው። መፈልፈያው ትልቅ ቁምሳጥን የሚያክል አሮጌ ማሽን ነው፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ እንቁላል ታቅፎ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠርበት መሣሪያ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መለዋወጫው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አልመጣም። ስለዚህ ማሞቂያውን የሚያበራውም የሚያጠፋውም፣ መስኮት የሚከፍተውም የሚዘጋውም የጋሽ ሰንበታ እጅ ነው። እናት ዶሮዋ እሳቸው ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ አንዳንዱ የጣቢያው ሠራተኛ በሌሉበት እንዲያ ብሎ ይጠራቸዋል።

ፀዳለ የጣቢያው የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ቦርዷን የሰጣት ባለፈው ዓመት አገሩ የተመለሰው የምሥራቅ ጀርመን ዶክተር ነው። «እኛ አገር ወጣቶች ቤታቸው ኮምፒዩተር የሚለማመዱባት ናት፣ መጫወቻ ናት» ብሏት ነበር ሲሄድ። ደብተር የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ላይዋ ላይ ባለ ብዙ እግር ጥቋቁር ነገሮች፣ የሒሳብ ማሽን የሚመስሉ ቁልፎችና ስድስት ቀያይ ቁጥሮች አሏት። መብራት ከጠፋ የነገሯትን ሁሉ ትረሳለች። ሰዓትም የላትም። ፀዳለ የምትሠራውን ለማስተማር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር በጣቷ እየነካች አስገብታለች፤ አንዱን በሳተች ቁጥር ቦርዷ ድንዝዝ ብላ ስለምትቀር አራት ጊዜ ከ«ሀ» ጀምራለች። መብራት ቢጠፋ እንዳትረሳ ደግሞ ከቆመው የጣቢያው ላንድሮቨር ባትሪ ለምና አምጥታ አያይዛላታለች።

የሙቀት ሴንሰሩን ያገኘችው ላቦራቶሪው ውስጥ ከተበላሸ የውሃ ማሞቂያ ገንዳ ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ጠብታ ናት፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት። ሲሞቃት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ታሳልፋለች፣ ሲቀዘቅዛት ትቸገራለች፤ ቦርዷ የምትቆጥረው ያንን ችግሯን ነው። ቆጠራው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለማወቅ ፀዳለ ሴንሰሩንና የላቦራቶሪውን የሜርኩሪ ቴርሞሜትር አንድ ሳህን ውሃ ውስጥ ነክራ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስተያይ ከረመች። ናዝሬት ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ረስታ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ተበላሽቶባት፣ በራሷ ተናድዳ ቀድዳ ጥላዋለች። ሁለተኛው ግን ልክ ነው። በእሱ ማንም አያሳፍራትም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሴንሰሩን በመፈልፈያው ቀዳዳ አስገብታ አስጀመረችው። ቦርዷ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ቁጥር ትይዛለች፤ ሳምንት ሲሞላ ሆዷ ሞልቶ ትቆማለች። መቼ እንደጀመረች የሚያውቀው ደብተሩ ብቻ ስለሆነ ፀዳለ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሐሙስ 3:00 ተጀመረ» ብላ ጻፈች። ያን ዕለት ጋሽ ሰንበታ ባለቤታቸው ጫልቱ የቋጠሩላቸውን ጩኮ ለሁለት ከፍለው አብረው ቁርስ በልተዋል። «ለማሽኑም እናቅምሰው?» ብለዋት ነበር።

ይህ ሁሉ ልፋት የመጣው በጫጩቶቹ ምክንያት ነው። ድሮ ከመቶ እንቁላል ሰባ ጫጩት ይወጣ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን በአምስት ዙር ሃያ እንኳ የወጣበት የለም፤ እንቁላሉ ሲሰበር ላባ ያወጣ ጫጩት እንደተኮራመተ ሞቶ ይገኛል። የጣቢያው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አምባዬ ነገሩን በአንድ ቃል ጠቀለለው፤ አሻጥር ነው አለ። አሻጥር ከተባለ ደግሞ አሻጥረኛ መኖር አለበት። መፈልፈያው ክፍል ውስጥ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጴንጤ ነው፣ መፈክር ሲባል እጁን አያነሳም፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ፀዳለ ሰውየውን ታውቃቸዋለች። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች ወዲህ እሑድ ከሰዓት እሳቸው ቤት እሷን ጨምሮ ስምንት ሰው ሆነው ይጸልያሉ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅ ሳያወጡ ይዘምራሉ። እናቷ በሞተች ጊዜ ሬሳውን የገነዙት ጫልቱ ናቸው። ስለዚህ ጓድ አምባዬ ዘንድ ሄዳ፣ ሙቀቱን በሳይንስ እንመዝግበው ብላ ለመነች። እሱም ደስ አለው። «ማሽን ወገን የለውም፤ አይጸልይም» ብሎ ሳቀና ፈቀደላት። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የፊታችን ዓርብ ይቀመጣል፣ ነገ ማለት ነው።

«ስድስት መቶ አንድ፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት» አለች። «ስድስት መቶ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ።»

ጋሽ ሰንበታ ጻፉ።

«ስድስት መቶ ሦስት፣ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ቆይ እስቲ። ስድስት መቶ አራት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ጋሽ ሰንበታ፣ አርባ ገባ! አርባ ነጥብ ሁለት። አርባ ነጥብ ስምንት። አርባ አንድ ተኩል!»

ቁጥሩ እየወጣ ሄዶ ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ አርባ ሁለት ነጥብ ሦስት ደረሰ፤ ከዚያ እንደ ጉድ ወርዶ ወደ ሠላሳ ሰባት ተመለሰ። ፀዳለ እርሳስ አንስታ ግድግዳው ላይ ሒሳብ ሠራች። ከሐሙስ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስድስት መቶ ሁለት ሩብ ሰዓት ስትቆጥር የደረሰችው ትናንት፣ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የወረደው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። እጇ ደረቷ ላይ ወጣ።

«የውይይት ክበቡ ነው!» አለች።

የውይይት ክበብ በየሳምንቱ ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ድሮ ጠዋት ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ነው ወደ ከሰዓት የዞረው። ሠራተኛው እየጠፋ ስላስቸገረ፣ በተለይም እግር መድኃኒት ውስጥ ሳይነከር የማይገባበት ይህ ክፍል ለመደበቂያ ስለሚመች፣ ጓድ አምባዬ አንድ ዘዴ አበጅቷል። ክፍል ሁሉ በርና መስኮቱ ይዘጋል፤ ቁልፉ መጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በተመቱት ሃያ ሦስት ምስማሮች ላይ ይሰቀላል። ሃያ ሦስቱ ሳይሞሉ ስብሰባው አይጀመርም፣ ሳያልቅም ቁልፍ አይወርድም። በሚያዝያ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮቱ ተዘግቶ ማሞቂያው እንደበራ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ሁለት ሺህ አራት መቶ እንቁላል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ነፃ ወጡ እኮ! እርስዎ አዳራሽ ነበሩ፤ ስምዎ ተጠርቷል፣ ቁልፍዎ ተሰቅሏል። ሁለት መቶ ሰው ምስክር አለዎት!» ልትስማቸው ተነሳች።

ጋሽ ሰንበታ ግን አልተነሱም። በሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ በአገጫቸው አሳዩአት። በየሁለት ሰዓቱ ተነቦ የሚሞላው እሱ ነው። ፀዳለ ሄዳ አየችው። ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት፣ 37.6። ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት፣ 37.6። ረቡዕ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ 37.6። ከጎኑ የሳቸው ፊርማ አለ። ከፊርማቸው ቀጥሎ «ያረጋገጠ» በሚለው ሥር ደግሞ የሷ ፊርማ። ጠዋት ስትገባ ያለፈውን ቀን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትፈርመው፤ ከሥራ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር።

«ምነው ጋሽ ሰንበታ?»

«ባዶ ልተወው? ደገፋን ረሳሽው?»

ደገፋ ከሳቸው ጋር በፈረቃ ይሠራ የነበረ የመፈልፈያው ሠራተኛ ነበር። ስብሰባ ሲሄድ እንቁላሉ እንዳይቃጠል ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ያላነበበውንም ሳይጽፍ ባዶ ትቶ ሄደ። የጠፋ ማብሪያና ባዶ መስመር ተገኘበት። በላንድክሩዘር ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ማመላለስ ካቆመች አንድ ዓመት አልፏታል፤ አቁሚ ብለዋት ነው።

«ስብሰባ ነበርኩ ብዬ ብጽፍ ስብሰባውን ከሰስክ ይሉኛል። ባዶ ብተው የደገፋ ዕጣ ነው። ባጠፋው የደገፋ ዕጣ ነው። ስለዚህ አበራዋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ። ስመለስ መስኮቱን ከፋፍቼ አበርደዋለሁ።»

«ታዲያ እንደሚሞቅ ያውቁ ነበር?»

«ኤዬ፣ አውቅ ነበር ልጄ።» ደብተሩን ከደኑት። «እኔ ብናገር ጴንጤ ተናገረ ነው የሚሉት። ማሽን ቢናገር ግን ሃይማኖት የለው ምን የለው፣ ይሰሙታል ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺ ሌሊት ተቀን ሽቦ ስትበይጂ እያየሁ ማፈሩንስ አፍሬ ነበር።»

ፀዳለ ተናደደችባቸው፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት። ከሁለቱ የቱን መሆን እንዳለባት ስላላወቀች ሽቦዎቹን ማስተካከል ጀመረች፣ የሚስተካከል ነገር ባይኖራቸውም።

ከምሳ በኋላ ጓድ አምባዬ አስጠራት። ቢሮው ንጹሕ ነው፤ ካኪ ሱሪውም ንጹሕ ነው፤ ሰው ሲያናግርም አይጮህም። የሚጮህ ካድሬ ቢሆን ፀዳለ ለመፍራት ይቀላት ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይ አዘዘላት።

«እህስ ጓድ ፀዳለ፣ ማሽናችን ምን አለ?»

ነገረችው። መንገድ ላይ ስታዘጋጀው እንደመጣችው፣ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ስለተዘጋ መስኮት፣ ስለቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስለሚያዝያ ፀሐይ ብቻ አወራች። ቁልፉ ለአንድ ሰው ቢተው፣ ወይም ስብሰባው ወደ ጠዋት ቢመለስ ችግሩ ይፈታል አለች። እሱ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት።

«እንግዲህ አንቺ የምትዪኝ» አለ ስኳሩን እያማሰለ «አብዮታዊ ውይይት ጫጩት ይገድላል ነው።»

«አላልኩም ጓድ። ሙቀቱ ነው ያልኩት።»

«ሙቀቱ ስንት ሰዓት ወጣ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑ ሰዓት አለው?» ጓድ አምባዬ ፈገግ አለ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ባለፈው ሳምንት ስታስረዳው ሁሉንም በደንብ ሰምቷል። «የለውም። መቁጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆጠረ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀመረ ካልሽ ሙቀቱ የወጣው በውይይታችን ሰዓት ነው። ከሰዓት በዘጠኝ ጀመረ ካልሽ ግን ሁሉም ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የወጣው ማታ ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ተረኛው ማነው?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው የጀመርኩት ጓድ። ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።»

«እሱን አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው።» ከመሳቢያው የሙቀት መመዝገቢያውን ያለፉ ወራት ቅጾች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በየመስመሩ ሁለት ፊርማ ነበረበት። «ሙቀቱ አርባ ሁለት በገባበት ሰዓት ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ነው ብሎ አንዱ ጽፏል፣ አንዷ አረጋግጣለች። እንዳንቺ አባባል ከሄድን ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ፤ በዚያ ላይ የውይይት ክበቡን ትከሳላችሁ። ማታ ነው ካልን ግን አንዱ ደበቀ፣ ሌላዋ በሳይንስ አጋለጠችው። እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ።»

ሻይዋ ቀረበላት። አልጠጣችውም።

«ባክዎ ጓድ፣ ሽማግሌ ናቸው።»

«ጫልቱ ቤት እሑድ እሑድ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሰበሰቡት? ስምንት ነው የሚሉኝ። ከስምንት ሰው አንድ መስጠት ብዙ አይደለም። ስምንቱንም መውሰድ አይከብደኝም ነበር፤ ግን ሥራ ይበዛብኛል።» ከዚያ ሻይውን ፉት አለ። «ነገ አራት ሰዓት። ደብተሩን ይዘሽ ነይ። ማሽኗንም፣ እንዳትረሺ። ኮሚቴው ይያት።»

ፀዳለ ያን ዕለት ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው። ጋሪ ቆሞላት ነበር፣ አልተሳፈረችም። ደብተሩን ሹራቧ ውስጥ አቅፋ፣ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ከጣቢያው እስከ ናዝሬት አሰላች። ቦርዷን ከባትሪው ብትነቅላት ሁሉንም ትረሳለች፤ ግን ያኔ ማስረጃ ያጠፋችው እሷ ትሆናለች፣ አሻጥረኛም ይገኛል። እውነቱን ብትናገር ስምንት ሰው ነው። ማንም ሰው ጀግና ሊሆን ይችላል ብላ ታስብ ነበር፣ ቀኑ እስኪመጣ። ቀኑ ሲመጣ ያሰበችው ስለ ጋሽ ሰንበታ አልነበረም፤ እስር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ይሁን አፈር እያለች ስለ ራሷ ነበር ያሰበችው። በዚህም ራሷን ጠላች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁም አለ፣ ግን እሱ ከመነጽሩ ጋር ነበር፤ ያወልቀዋል፣ ይወለውለዋል፣ ያደርገዋል። ቦርዷ ከባትሪዋ ጋር ጠረጴዛው መሐል ተቀምጣለች፣ ቀያይ ቁጥሮቿ በርተዋል። ጋሽ ሰንበታ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጥተዋል። ፀዳለን ሲያዩ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሏት፤ እንደ አባት፣ አይዞሽ በሚል ዓይነት።

«አቶ ሰንበታ፣ የሚሉት አለዎት?» አለ ጓድ አምባዬ።

«እኔ ብዙ ንግግር አላውቅም። ቅጹ ላይ ያላነበብኩትን ጽፌያለሁ፤ እሱ ጥፋቴ ነው፣ በዋቃዮ ፊትም በናንተ ፊትም አልክድም። እንቁላሉን ግን አልገደልኩም። አሥራ ስምንት ዓመት አስፈልፍያለሁ። ማሽኑን ጠይቁት። እኔን አትመኑኝ፣ እሱን ጠይቁት። ፀዳለ ልጄ ታውቃለች።»

«እንጠይቀዋለን። ጓድ ፀዳለ፣ ማሽኑ ሥራ የጀመረው መቼ ነው? ከደብተርሽ አንብቢልን።»

ደብተሩ ጭኗ ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተከፍቷል። «ሐሙስ 3:00 ተጀመረ» ይላል በሷ እጅ። ሦስቷን ስትጽፍ የላይኛውን ጎን ሁልጊዜ ሰፋ አድርጋ ነው የምትተዋት፤ ትምህርት ቤት እያለች አስተማሪዋ ይቆጧት ነበር። እስክሪብቶው ያው ሰማያዊው ነው። ክፍቷን ለመግጠም አንዲት አጭር መስመር ትበቃ ነበር፤ ስትስላት ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ሦስት የነበረችው ዘጠኝ ሆነች።

«ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ብላ አነበበች።

ጋሽ ሰንበታ ግራ ገብቷቸው ፈገግ አሉ።

«ጠዋት ነበር እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ ሰው ፊት እንዳያሳፍሯት ተጠንቅቀው። «ጩኮ በላን አይደል? ሦስት ሰዓት ነበር።» ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሳ ስትቀር ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «ተሳስታ ነው ጌቶቼ፣ አትፍረዱባት። እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች፤ ሌሊት ተቀን ስትሠራ ነው የከረመችው። ደብተሩን ደግማ ታንብብ።»

«ደብተሩን እኔ ልየው» አለ ጓድ አምባዬ። ተቀብሏት አየና ለሥራ አስኪያጁ አሳየው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አድርጎ ነበር፤ ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና አውልቆ መወልወል ጀመረ። ደብተሩ ለቀሩት ሦስት ሰዎች ዞረ። ሁሉም ዘጠኝ ናት አሉ።

ጋሽ ሰንበታ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ፀዳለ ቀና ብላ ባታያቸውም አወቀች፤ ትንፋሻቸው ተለወጠ። ይጮሃሉ ብላ ጠበቀች፣ ይጮሁብኝ ብላም ተመኘች። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከሰዓት በኋላ ነጭ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ላንድክሩዘር ላይ ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫልቱን የጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ምሳ ዕቃ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ዘበኛው «ሰንበታ የለም» ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ፀዳለ ስትመጣ አይተው ፊታቸው በራ።

«መጣሽ የኔ ልጅ! እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሰንበታን ያሳሰረው ያንቺ ማሽን ነው ይሉኛል። ውሸት አይደለም?»

«እትዬ ጫልቱ፣ እኔ…»

«አንቺን አይደለም ያልኩሽ። አንቺማ ለሱ ብለሽ እንደሠራሽው አውቃለሁ፤ እቤት በመጣ ቁጥር ስለዚህ ብቻ ነበር የሚያወራልኝ። ማሽኑ ይሳሳታል ወይ ነው የምልሽ።»

ፀዳለ ምሳ ዕቃውን አየች። እጃቸው ሞቆታል፤ ምግቡ ትኩስ ነው።

«አይሳሳትም» አለቻቸው።

ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ነገ እሑድ ነው፣ አትምጪ እንዳልል ቤቴ ያንቺም ነው። ግን አትምጪ» ብለው ሄዱ።

ሌላ ሰው እስኪተካ ድረስ መፈልፈያውን እሷ ታስተዳድር ተባለ። ደመወዙ አይጨምርም፤ ምስጋናው ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ስሟ በቀይ ቀለም ተጽፎ «በሳይንሳዊ ዘዴ አሻጥርን በማጋለጥ» ይላል። ሰው ሲያልፍ ያነብና ይፈራታል። ሰላምታ የሚሰጣት በዛ፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚበላ ግን አልነበረም።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ መጣራት ጀመረ። ፀዳለ መፈልፈያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት። ማሽኑ የታቀፈው ዙር ሃያኛ ቀኑ ነው፤ ባለፈው ረቡዕ ያን ሁሉ ሙቀት ችለው የተረፉት ነገ ይወጣሉ። ጆሮ ለሰጠ ሰው ከእንቁላሉ ውስጥ ጫጩቶቹ ሲጮሁ ይሰማል፤ ቀጭን ነው፣ ብዙ ነው፣ አያቋርጥም።

ጓድ አምባዬ ቦርዷን ለሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጂያት ብሏት ነበር። ፀዳለ ጎንበስ ብላ ከባትሪው ላይ ሽቦውን ነቀለች። ስድስቱ ቀያይ ቁጥሮች ጠፉ፤ ስድስት መቶ ሰባ ሁለቱም፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አብረው ጠፉ። ተቃጠለች እላለሁ ብላ አሰበች። ለዚህስ ማንም አይከሳትም፣ እሷ አሁን የምትታመን ሰው ናት።

መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። ከዚያ ማሞቂያው ማብሪያ ጋ ሄዳ እጇን ጫነችበት። ብታጠፋው ማሽኑ ቀስ እያለ ይበርዳል፤ ጫጩቶቹ ትንሽ ይቀዘቅዛቸው ይሆናል እንጂ አይሞቱም። ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። የጠፋ ማብሪያ ምን እንደሚያመጣም ታውቃለች። ድምፅ ማጉያው ስሟን ጠራ፤ ሃያ ሁለት ቁልፍ ተሰቅሏል፣ የቀረው የመፈልፈያው ነው አለ።

እጇን ከማብሪያው ላይ አነሳች። በሩ ጀርባ ወዳለው ቅጽ ሄደችና እስክሪብቶውን አወጣች። አሥር ሰዓት በሚለው ፊት 37.6 ጻፈች። አሥራ ሁለት ሰዓት በሚለው ፊት 37.6 ጻፈች። በሁለቱም ላይ ፈረመች፤ «ያረጋገጠ» በሚለው ሥርም ሌላ ሰው ስለሌለ እዚያም ራሷ ፈረመች፣ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች።